ከመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ውኃ፦ በእርጥብ አገር የፒክአፕ ማቀዝቀዣ እንዴት ይሠራል?

(በቴፒ ግቢ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ነው። አንድ ፒክአፕ ከሚዛን ተነሥቶ በሸኮ በኩል ቴፒ ይደርስና በዛፍ ጥላ ሥር ይቆማል። ከጋቢናው ሥር ንጹሕ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። አላፊ አግዳሚው «መኪናህ ያፈስሳል» ይላል፤ ሾፌሩም ጎንበስ ብሎ ያያል። ስለዚህች ጠብታ ነው የምናገረው። የምናገርበትም ምክንያት ጠብታዋን በትክክል ያላነበበ ሰው ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ ስለሚያወጣ፣ አንዳንድ ጊዜም በዝናብ መካከል መንገዱን ማየት ስለሚሳነው ነው።

ነገሩን ወደ ልቤ ያስገባው አንድ የራሴ ገጠመኝ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ወር የቡና ናሙና ይዘን በደብል ጋቢና ፒክአፕ ስንጓዝ ማቀዝቀዣው ሲነሣ በደንብ ያቀዘቅዝና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይደክማል። መሪውን የያዙት አንጋፋ ሾፌር ነበሩ። «መምህር፣ ይህ መኪና ጋዝ ይጠጣል እንጂ አያቀዘቅዝም» አሉኝ። በዚያው ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ጋዝ ተሞልቶለት ነበር። እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ እግሬ ሥር ያለው ምንጣፍ ርሶ አገኘሁት፤ ወለሉ ላይ የተቀመጠው የናሙና ከረጢትም ከታች በኩል እርጥበት ገብቶበት ነበር። ቡናን እስከ 11 ወይም 12 ከመቶ እርጥበት ድረስ ለማድረቅ ገበሬው ስንት ቀን በአልጋ ላይ ሲያገላብጥ እንደሚሰነብት ለምታውቁ፣ ያ ናሙና ከዚያ በኋላ ስለ ቡናው እውነቱን ሊናገር እንደማይችል መንገር አያስፈልገኝም። የዚያን መኪና ሕመም ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን መሣሪያው ምን እንደሆነ እንይ።

ማቀዝቀዣ የምንለው መሣሪያ ሲወለድ ዋና ዓላማው ሰውን ማቀዝቀዝ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 ዊሊስ ካሪየር የተባለ የ25 ዓመት ወጣት አሜሪካዊ መሐንዲስ በኒውዮርክ ብሩክሊን ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት መፍትሔ እንዲፈልግ ተጠየቀ። የማተሚያ ቤቱ ችግር እርጥበት ነበር። ወረቀቱ እርጥበት ሲስብ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በዚህም የተነሣ ደጋግመው የሚያትሟቸው ቀለሞች በየቦታቸው አልገጥም አሏቸው። ካሪየር አየሩን ቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ አሳልፎ እርጥበቱን አወጣለት። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለ1940 ሞዴል መኪኖቹ ማቀዝቀዣ በፋብሪካ ሲገጥም የመጣው ከዚሁ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ዛሬ በመኪናችን ያለው መሣሪያ ከሥር መሠረቱ አየር አድራቂ ነው። ቴፒ ላይ ሆነን ይህን ብንዘነጋ መሣሪያውን ሳናውቀው ቀርተናል ማለት ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በሞተሩ ቺንጋ የሚዞረው ኮምፕሬሰር ጋዙን ጨምቆ ያሞቀዋል። ከራዲያተሩ ፊት የተቀመጠው ኮንደንሰር ያንን ሙቀት ለውጭ አየር ሰጥቶ ጋዙን ወደ ፈሳሽነት ይለውጠዋል። ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ሲወድቅ በጣም ይቀዘቅዛል፤ በክሩስኮቱ ውስጥ በተደበቀው ኢቫፖሬተርም ሲተን የጋቢናውን አየር ሙቀት ይቀበላል። ከዚያ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። ጋዙ በዝግ መንገድ የሚዞር ነው፤ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፣ አያልቅም። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

የኢቫፖሬተሩ ክንፎች ከዜሮ ዲግሪ ጥቂት ከፍ ብለው ይቀዘቅዛሉ። እርጥብ አየር በዚያ ላይ ሲያልፍ የሚሆነውን እናቶቻችን በየዕለቱ ያዩታል። እንጀራው ሲበስል የሚነሣው እንፋሎት አክንባሎውን ሲነካ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል። የቀዘቀዘ ለስላሳ ጠርሙስም ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ «ያልበዋል»። በጠርሙሱ ላይ ያለው ውኃ ከጠርሙሱ ውስጥ የወጣ አይደለም፤ በአየሩ ውስጥ በተን መልክ የነበረ ነው። በኢቫፖሬተሩ ላይም እንዲሁ ተኑ ውኃ ይሆናል፤ ውኃውም በሥሩ ባለ ገንዳ ተሰብስቦ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ከመኪናው ሥር ያያችሁት ጠብታ ይህ ነው።

አሁን የንግግሬ እምብርት ወደሆነው ነጥብ ደርሰናል። ውኃ ከፈሳሽነት ወደ ተን ሲለወጥ ብዙ ሙቀት ይውጣል፤ ተኑ ወደ ፈሳሽ ሲመለስ ያንኑ ሙቀት መልሶ ይተፋል። መጠኑ ለአንድ ኪሎ ግራም ውኃ ወደ 2,450 ኪሎጁል ነው። ይህ ሙቀት በቴርሞሜትር ስለማይታይ ስውር ሙቀት ይባላል። የመኪናው ማቀዝቀዣ አንድን ጠብታ ለማውጣት ይህን ስውር ሙቀት መሸከም አለበት፤ ተሳፋሪው ግን በፊቱ ላይ አንዲትም ዲግሪ ሲቀንስ አይሰማውም። ማለትም መሣሪያው እየሠራ፣ እየደከመ፣ ነዳጅም እየበላ «አያቀዘቅዝም» ይባላል።

በቁጥር እንየው። ቴፒ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፤ በዓመት የሚዘንብላትም ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ነው። ኮረሪማው፣ ቁንዶ በርበሬውና እርዱ የሚወዷት ስለዚህ ነው። እንበልና ዝናብ ካባራ በኋላ አየሩ 28 ዲግሪ፣ አንጻራዊ እርጥበቱም 75 ከመቶ ይሁን። በዚህ ከፍታ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ደረቅ አየር ወደ 21 ግራም የውኃ ተን ተሸክሟል። ይህን አየር እስከ 8 ዲግሪ ብናቀዘቅዘው ሊሸከም የሚችለው 8 ግራም ያህል ብቻ ነው። የቀረው 13 ግራም ውኃ ሆኖ ይወርዳል። ሙቀቱን ለማውረድ ወደ 20 ኪሎጁል፣ ውኃውን ለማውጣት ደግሞ ወደ 32 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ድምሩ 52 ነው። ከመሣሪያው ጉልበት ውስጥ ከመቶ 60 የሚሆነው ጠብታ ለመሥራት ሄደ ማለት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ደረቅ ቆላ እናስተያይ። በስምጥ ሸለቆ ሰሜናዊ ጫፍ በደረቁ ወቅት አየሩ 36 ዲግሪ፣ እርጥበቱ ግን 15 ከመቶ ብቻ ነው እንበል። ያን አየር እስከዚያው 8 ዲግሪ ለማውረድ የሚያስፈልገው 28 ኪሎጁል ገደማ ነው፤ አንዲትም ጠብታ አይወርድም። እንግዲህ የቴፒው የ28 ዲግሪ አየር በኢቫፖሬተሩ ላይ የሚጭነው ሸክም የቆላው የ36 ዲግሪ አየር ከሚጭነው እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። እውነት ነው፣ በቆላው ሙቀት ኮንደንሰሩ ይበልጥ ይቸገራል፤ ሙቀቱን የሚሰጠው ለሞቀ አየር ነውና። ነገር ግን «አፋር ወርጄ ስመለስ ጥርስ ያስነክስ የነበረ ማቀዝቀዣ ቴፒ ላይ ለምን ሰነፈ?» ለሚል ሾፌር የመጀመሪያው መልስ የጋዝ መጉደል አይደለም። አየሩ ተለውጧል።

የውኃውም መጠን ቀላል አይደለም። ነፋሹ በሰዓት 300 ሜትር ኩብ የውጭ አየር ቢያስገባ ከላይ ባየነው ሁኔታ በአንድ ሰዓት ወደ አራት ሊትር ውኃ ይወጣል። የአንድ ትንሽ ጀሪካን ያህል ነው። ስለዚህ በክረምት ቴፒ ላይ ማቀዝቀዣው በርቶ ለሩብ ሰዓት ያህል የቆመ መኪና ሥር ጠብታ ከሌለ መጨነቅ ያለብን ያን ጊዜ ነው፤ ጠብታው ሲኖር አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ ምክር ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። በክሩስኮቱ ላይ የውጭ አየር ማስገቢያና የውስጥ አየር ማዞሪያ መምረጫ አለ። አየሩ አንዴ ከቀዘቀዘና ከደረቀ በኋላ የጋቢናውን አየር መልሰን ብናዞር፣ ለምሳሌ 24 ዲግሪና 50 ከመቶ እርጥበት ያለውን ብንጠቀም፣ ለአንድ ኪሎ ግራም የሚያስፈልገው 24 ኪሎጁል ብቻ ይሆናል። ሸክሙ ከግማሽ በታች ወረደ። ደጁ ሞቃትና ፀሐያማ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች መስኮት ከፍታችሁ የታፈነውን ሙቀት አስወጡ፤ ከዚያ መስኮቱን ዝጉና የውስጡን አየር አዙሩ። በረጅም ጉዞ ግን በየጊዜው ንጹሕ አየር አስገቡ፤ የታፈነ አየር እንቅልፍ ያመጣልና።

ይህ ምክር ግን አንድ ቦታ ላይ ይገለበጣል፤ እርሱም መስታወቱ ሲጋርድ ነው። እዚህ ላይ የምናገረው ስለ ምቾት አይደለም፤ ስለ ሕይወት ነው። በሸኮ ደን መካከል ዝናብ እየወረደ፣ አምስት ሰው ርሶ ጋቢና ውስጥ ተጣብቦ ሲጓዝ እያንዳንዱ ሰው በትንፋሹና በላቡ በሰዓት 50 ግራም ያህልና ከዚያም በላይ ተን ይጨምራል፤ ከልብሳቸው የሚነሣው ሳይቆጠር። የፊት መስታወቱን ደግሞ ዝናቡ ከውጭ ያቀዘቅዘዋል። ተኑ ወደ መስታወቱ ሄዶ ጠል ይሆናል። በዚህ ሰዓት የውስጡን አየር ማዞር ጉሙን ማባዛት ነው። ብዙ ሾፌር ደግሞ «ብርድ ነው» ብሎ ማቀዝቀዣውን ያጠፋና በእጁ ጨርቅ ይዞ መስታወት ይጠርጋል፤ በአንድ እጅ መሪ፣ በአንድ እጅ ጨርቅ።

መፍትሔው ሲሰሙት የሚጋጭ የሚመስል ነው፦ ማቀዝቀዣውንና ሙቀቱን በአንድ ላይ ማብራት፣ የውጭ አየር ማስገባት፣ ነፋሱንም ወደ ፊት መስታወቱ መላክ። አየሩ መጀመሪያ በኢቫፖሬተሩ ላይ ያልፍና ውኃውን ይጥላል፤ ቀጥሎ በሞተሩ ውኃ በሚሞቀው ማሞቂያ ውስጥ ያልፍና ሞቅ ብሎ ይወጣል። ደረቅና ሞቅ ያለ አየር መስታወቱን በጥቂት ጊዜ ያጠራዋል። ካሪየር ለወረቀት የሠራው ሥራ እዚህ ለዓይናችን ተሠራ ማለት ነው።

ጉሙ ግን ሁልጊዜ ከውስጥ አይደለም። ቅድም በምሳሌ ያየነው የ28 ዲግሪ አየር ጠል መጣል የሚጀምረው ወደ 23 ዲግሪ ሲወርድ ነው። የፊት መስታወታችን ላይ ቀዝቃዛ ነፋስ ለረጅም ጊዜ ብንለቅበት መስታወቱ ከዚያ በታች ይቀዘቅዛል፤ ጠሉም ከውጭ በኩል ይጣላል። ከውስጥ ስንጠርግ ብንውል አይለቅም። መለያው ቀላል ነው፤ በጣታችሁ ከውስጥ ነክታችሁ እዩ። ጣታችሁ መንገድ ካላወጣ ጉሙ ውጭ ነው። ያን ጊዜ የዝናብ መጥረጊያውን አንቀሳቅሱ፣ ነፋሱን ከመስታወቱ ወደ እግር ወይም ወደ ደረት አዙሩ፣ ቅዝቃዜውንም ቀንሱ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ኢቫፖሬተሩ ርሶ ሳለ ማቀዝቀዣውን በድንገት ካጠፋችሁት በላዩ ያለው ውኃ ተመልሶ ይተንና መስታወቱን በአንድ ጊዜ ይሸፍናል። በዝናብና በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይህን አታድርጉ።

አሁን ውኃው መውጫ ሲያጣ ምን እንደሚሆን እንመልከት። የመውጫው ቱቦ ቀጭን ነው፤ ጫፉም ወደ ጭቃው ያያል። በእኛ መንገድ የሚነሣ ጭቃ፣ ቅጠልና የተርብ ጎጆ ይደፍነዋል። ገንዳው ሞልቶ ሲፈስስ ውኃው በተሳፋሪው እግር ሥር ወዳለው ምንጣፍ ይወርዳል። ምንጣፉ ሳይደርቅ ይሰነብትና ይሻግታል፤ የወለሉ ቆርቆሮ ከውስጥ ይዝጋል፤ በዚያ የሚያልፉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችም ይበላሻሉ። ምንጣፉ ሲርስ በመጀመሪያ ውኃውን መለየት ያስፈልጋል። ንጹሕ፣ ቀለምና ሽታ የሌለው ከሆነ የማቀዝቀዣው ወይም የዝናብ ውኃ ነው። ቀለም ያለው፣ የሚያዳልጥና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ከማሞቂያው የሚያፈስስ የራዲያተር ፈሳሽ ነው፤ ችላ ከተባለ ሞተሩን ያቃጥላል። የተደፈነውን ቱቦ ከሥር ሆኖ በለስላሳ ነገር ወይም በዝቅተኛ ግፊት አየር መክፈት ይቻላል። በጠንካራ ሽቦ ኃይል ጨምሮ መውጋት ወይም ከጎማ መንፊያ በሙሉ ግፊት መንፋት ቱቦውን ከቦታው ሊያወልቀው፣ ኢቫፖሬተሩንም ሊጎዳው ይችላል።

ማቀዝቀዣው ሲከፈት የሚመጣው የሻጋታ ሽታም የዚሁ እርጥበት ልጅ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የተከማቸ ቡና ምን እንደሚሆን የምታውቁ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም። ዝናብ በሌለበት ቀን ከመድረሳችሁ ጥቂት ደቂቃ በፊት ማቀዝቀዣውን አጥፍታችሁ መስኮት ክፈቱ፤ ነፋሹን ግን ተዉት። ኢቫፖሬተሩ ደርቆ ያድራል።

ከሁሉ ይበልጥ ሰውን የሚያሳስተው ችግር በረዶ ነው። በብዙ መኪኖች ከክሩስኮቱ መሳቢያ ጀርባ የአየር ማጣሪያ አለ። በበጋ አቧራ፣ በመከር ደግሞ በቡና ገለፈት ብናኝ ይደፈናል። ማጣሪያው ሲደፈን በኢቫፖሬተሩ ላይ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል፤ አየር ሲያንስ ክንፎቹ ከዜሮ በታች ይወርዳሉ፤ በላያቸው ያለው ውኃም በረዶ ይሆናል። በረዶው የቀረውን የአየር መንገድ ይዘጋል። ቅዝቃዜውን የሚጠብቀው መቆጣጠሪያ ሲበላሽም እንዲሁ ይሆናል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሲነሣ በደንብ ያቀዘቅዛል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነፋሱ ራሱ ይደክማል። ሩብ ሰዓት አጥፍታችሁ ብትቆዩ ከሥሩ ብዙ ውኃ ይወርድና እንደገና ደህና ይሆናል። ጋዝ የጎደለው መኪና አርፎ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አይድንም።

የዚያ የናሙና መኪናችን ሕመም ይኸው ነበር። ማጣሪያው በጭቃ ብናኝና በገለፈት እንደ ጭድ ጡብ ጠጥሮ ወጣ፤ የውኃ መውጫው ቱቦም በጭቃ ተደፍኖ ነበር። ሁለቱን ለማጽዳት አንድ ሰዓት አልፈጀም። በዓመቱ ሦስት ጊዜ የተሞላው ጋዝ ግን ለምንም አልጠቀመም፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ሆኖ ተገኘ። አንጋፋው ሾፌር ማጣሪያውን በእጃቸው አገላብጠው አዩና «እኛ ጉሮሮው ታንቆ ሳለ ሆዱን ስንሞላ ኖረናል» አሉ። ከእኔ ማብራሪያ ይልቅ የእርሳቸው አባባል ነገሩን ይዞታል።

እንግዲህ ስለ ጋዝ ልናገር፤ መካኒኮቻችንን በተለይ የሚመለከተው ይህ ነው። ጋዙ በዝግ መንገድ ይዞራል፣ አያልቅም ብዬ ነበር። ለዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል፤ በአንድ ዓመት ከጎደለ ግን ፍሳሽ አለ። ፍሳሹን ሳይፈልጉ መሙላት በተቀደደ ጆንያ ቡና መስፈር ነው። በመገጣጠሚያዎቹ ላይ የዘይት ወዝ ካያችሁ ምልክቱ እርሱ ነው። መጠኑም በሚዛን እንጂ በግምት አይሞላም፤ የብዙ ፒክአፕ ማቀዝቀዣ የሚይዘው ከግማሽ ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም፤ ትክክለኛው መጠን ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ምልክት ላይ ተጽፏል። ከመጠን በላይ ሲሞላ ፈሳሹ በኮንደንሰሩ ውስጥ ተከማችቶ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፤ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፤ ኮምፕሬሰሩም ይጎዳል።

በማኖሜትር ብቻ ለሚፈርዱም ሁለት ነገር ልንገራቸው። የመጀመሪያው፣ በእርጥብ ቀን ሸክሙ ስለሚበዛ ግፊቶቹ ራሳቸው ከደረቅ ቀን ይለያሉ። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ሰንጠረዦቹ የተሠሩት በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር ነው፤ የቴፒ አየር ግፊት ግን 88 ኪሎፓስካል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት የጋዝ ሁኔታ ማኖሜትራችን ከሰንጠረዡ ወደ 2 ፒኤስአይ ከፍ አድርጎ ያሳያል። በዝቅተኛው ግፊት በኩል ይህ የሚናቅ አይደለም። ባዶ ሲደረግም እንዲሁ ነው። የውጭ መጻሕፍት መርፌው ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ እስኪወርድ ጠብቁ ይላሉ፤ ቴፒ ላይ ግን ፍጹም ባዶ ቢሆን እንኳ መርፌው ከ26 ገደማ አያልፍም። ይህን ያላወቀ ደህናውን ፓምፕ ተበላሽቷል ብሎ ይጥላል፤ ወይም ፓምፑን ሳያስሠራ «በቃ» ይላል።

ባዶ ማድረጉ ደግሞ በእኛ አገር ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጋል። ሥርዓቱ በተከፈተ ቁጥር እርጥብ አየር ይገባል፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት እርጥበት ይመጥጣል፤ ውስጥ የቀረው ውኃም በጠባቡ ቀዳዳ ላይ በረዶ ሆኖ መንገድ ይዘጋል፣ ብረቱንም ይበላል። ስለዚህ የተፈቱ ቱቦዎች አፋቸው ወዲያው ይደፈን፤ ማድረቂያው ይቀየር፤ ፓምፑም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሥራ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ድሮ በመኪኖች የነበረው አር-12 የተባለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ቀስ በቀስ ቀረ። በምትኩ የመጣው አር-134ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን አንድ ኪሎው ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከ1,400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይስተካከላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረሰው የኪጋሊ ማሻሻያም እንዲህ ያሉትን ጋዞች ለመቀነስ የታለመ ነው። የአንድ ፒክአፕን ግማሽ ኪሎ ጋዝ ወደ አየር መልቀቅ ከ260 ሊትር በላይ ናፍጣ ከማቃጠል ጋር እኩል ጉዳት አለው። ቡናችን ከጥላ ዛፉና ከዝናቡ ወቅት ጋር ተስማምቶ የሚኖር ተክል ነው፤ የአየር ጠባይ ሲዛባ መጀመሪያ የሚጎዳው እርሱ ነው። በቡና አገር ጋራዥ ውስጥ ጋዝን እንደ ቀልድ መልቀቅ የማይገባን ለዚህ ጭምር ነው።

ንግግሬን ልጠቅልል። ማቀዝቀዣው ሲደክም ወደ ጋዝ ከመሮጣችን በፊት በቅደም ተከተል እንጠይቅ። ዛሬ አየሩ ምን ያህል እርጥብ ነው? የገባው የውጭ አየር ነው ወይስ የውስጡ? ነፋሱ በኃይል ይመጣል ወይስ ደክሟል? ማጣሪያው ንጹሕ ነው? ከመኪናው ሥር ውኃ ይንጠባጠባል? የኮንደንሰሩ ክንፎች በጭቃና በነፍሳት አልተደፈኑም? ቺንጋው አልላላም? የኮንደንሰሩ ፋን ይዞራል? እነዚህን ጨርሰን መልስ ካጣን ያን ጊዜ ማኖሜትሩ ይውጣ፤ እርሱም ፍሳሽ ለመፈለግ ይሁን እንጂ ለመሙላት ብቻ አይሁን።

በዚህ አካባቢ ፒክአፕ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ነፍሰ ጡር እናት የሚወስደው፣ ክትባት የሚያደርሰው፣ የግብርና ባለሙያውን እስከ ጉራፈርዳና በበቃ የሚያወርደው እርሱ ነው። ሾፌሩ መንገዱን አጥርቶ እንዲያይ፣ ሕመምተኛውም በእርጥብ ሙቀት እንዳይታፈን የሚያደርገው ያ የተደበቀ አድራቂ ነው። ከመኪናው ሥር ውኃ ጠብ ሲል ካያችሁ እንግዲህ «ያፈስሳል» አትበሉ። ሥራውን እየሠራ ነው በሉ፤ ጠብታው በቀረ ቀን ግን ጎንበስ ብላችሁ እዩት።